ኮች እየሠራ ነው ወይስ እያስተማረ?

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በብዙ የአዲስ አበባ ጂሞች የኤሮቢክስ ክፍል ይጀመራል። ከመስታወቱ ፊት አንድ ሰው ይቆማል፤ ከኋላው ሃያ፣ ሠላሳ፣ አንዳንዴም አርባ ሰው ይሰለፋል። ሙዚቃው ይከፈታል፣ እግር መነሣት ይጀምራል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም በላብ ተጠምቆ ይወጣል። ፊት የቆመው ሰው በዚያ ሰዓት ውስጥ ምን ሲያደርግ እንደነበር ብትጠይቁ አብዛኛው ሰልጣኝ «አብሮን ስፖርት ሲሠራ ነበር» ብሎ ይመልሳል። የጂሙ ባለቤትም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ያስባል። «አንተ እኮ ታድለሃል፤ እየተከፈለህ ስፖርት ትሠራለህ» ሲባል ያልሰማ አሰልጣኝ ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ የአነጋገር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍበትም ነበር። ከዚህ አስተሳሰብ ግን ውሳኔዎች ይወጣሉ፦ ክፍያ እንዴት ይሰላል፣ ማይክ ይገዛል ወይስ አይገዛም፣ አንድ አሰልጣኝ በቀን ስንት ክፍል ይይዛል፣ ሰልጣኙስ የሚነገረውን እንደ ትምህርት ይቀበለዋል ወይስ እንደ ጩኸት ያልፈዋል። ከመስታወቱ ፊት ቆሜ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ያየሁት ደስታም ሆነ ብስጭት ምንጩ አንድ ነው። ሥራው ማስተማር ነው፤ ለተመልካች ግን መሥራት ይመስላል።

የቡድን ኤሮቢክስ በሙያነቱ ገና ወጣት ነው። ቃሉን ለሕዝብ ያደረሰው የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበረው ኬኔት ኩፐር ሲሆን «ኤሮቢክስ» የተሰኘውን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። እሱ የጻፈው ስለ ሩጫ፣ ስለ ዋና፣ ስለ ብስክሌትና ስለመሳሰሉት ነበር። ኤሮቢክስን በሙዚቃ የሚመራ የቡድን ትምህርት ያደረጉት በዳንስ ያደጉ ሴቶች ናቸው። ከእነሱ አንዷ ጁዲ ሼፐርድ ሚሴት እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የጃዝ ዳንስ ታስተምር ነበር። ተማሪዎቿ እየተመዘገቡ ይመጣሉ፣ ብዙም ሳይቆዩ ይቀራሉ። ለምን እንደሚቀሩ ስታጣራ አብዛኞቹ ዳንሰኛ የመሆን ሐሳብ እንደሌላቸው ተረዳች፤ የሚፈልጉት ሰውነታቸውን ማፍታታትና መደሰት ብቻ ነበር። ስለዚህ ትምህርቱን አቀለለች፣ ፊታቸውንም ከመስታወቱ አዞረችላቸው። ጃዘርሳይዝ የሚባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም የተወለደው ከዚያ ክፍል ነው። ይህን ታሪክ የምወደው ሙያው ገና ሲጀመር የመምህር ጥያቄ ይዞ መነሣቱን ስለሚያሳይ ነው፦ ተማሪው ለምን ቀረ?

እ.ኤ.አ. በ1982 የፊልም ተዋናይቷ የጄን ፎንዳ ቪዲዮ ሲወጣ ኤሮቢክስ ሳሎን ድረስ ገባ። ቪዲዮ ግን አንድ ነገር ያስቀራል፤ መሪው ተከታዮቹን አያያቸውም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ጂሞችን በዘጋ ጊዜም ሆነ ዛሬ በዩቲዩብና በቲክቶክ ቤቱ የሚሠራ ሰው የሚያጣው ይህንኑ ነው። እንቅስቃሴው ከስልክ ይገኛል፤ ጉልበቱ ወደ ውስጥ እየታጠፈ መሆኑን የሚነግረው ሰው ግን አይገኝም።

እንግዲህ ፊት የቆመው ሰው በጭንቅላቱ ውስጥ ምን እያደረገ እንደሆነ እንመልከት። ለኤሮቢክስ ተብሎ የሚቀናበር ሙዚቃ በአራት በአራት ይቆጠራል። ስምንት ምት አንድ ሐረግ ይሆናል፤ አራት ሐረግ ሲገጣጠም 32 ምት ያለው አንድ ቤት ይሞላል። አሰልጣኙ እንቅስቃሴዎቹን የሚደለድለው በዚህ ልክ ነው። ሰልጣኙ ስለዚህ ቁጥር ሰምቶ ባያውቅም ሰውነቱ ያውቀዋል። ለውጡ ቤቱ ሲሞላ ከመጣ እግሩ ሳያስበው ይሄዳል፤ በመሃል ከመጣ ግራ ይጋባል፣ ይቆማል፣ ጎረቤቱን ያያል።

ትእዛዙ ደግሞ ከለውጡ ቀድሞ መድረስ አለበት። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» የምንለው መውረጃችን ላይ ከመድረሳችን ጥቂት ቀደም ብለን ነው፤ ደርሰን ብንናገር ሹፌሩ ያልፈዋል። አሰልጣኝም አራት ምት ሲቀረው መናገር አለበት። በደቂቃ 130 ምት በሚሄድ ሙዚቃ አራት ምት ከሁለት ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ የሚቀጥለውን እንቅስቃሴ ስም፣ አቅጣጫውንና ብዛቱን ይናገራል፤ እግሩ ግን ገና የቀደመውን እየሠራ ነው። ፊቱን ወደ ሰልጣኞቹ ካዞረ «በቀኝ» እያለ እሱ በግራው ይሄዳል፤ እነሱ እንደ መስታወት ስለሚከተሉት። አፉ የሚቀጥለው ላይ ነው፣ እግሩ አሁን ላይ፣ ዓይኑ ሰዉ ላይ። ይህን መልመድ ወራት ይፈጃል። ከተለመደም በኋላ ቤት ተቀምጦ ሙዚቃውን ደጋግሞ መስማት፣ መቁጠር፣ መጻፍ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ መሞከር አለ። ለአንድ አዲስ የአንድ ሰዓት ክፍል የሚሄደው ዝግጅት ከክፍሉ ርዝመት በላይ ነው፤ ይህን ዝግጅት ግን አሰልጣኙ ራሱ ካልሆነ በቀር የሚያይለት የለም።

እኛ አገር አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ሰልጣኛችን የአገሩን ዘፈን ይወዳል። ጉራጊኛ ሲከፈት የኋላው ረድፍ ሳይቀር ይነቃል፣ ፊት ሁሉ ይፈካል። ነገር ግን ብዙ የአማርኛ ዘፈን የሚሄድበት የችክችካ ምት በስድስት የሚቆጠር ነው። በአራት ለሚቆጠር ሙዚቃ የተዘጋጀ ዱብ ዱብ በችክችካ ላይ ሲጫን እግርና ከበሮ ይጣላሉ። መላው ስድስቱን በሁለት ትልልቅ ምት ከፍሎ በእነሱ ላይ መርገጥ ነው። ይህም ሆኖ አዝማቹ ሁልጊዜ 32 ላይ አይገጥምም፤ መሣሪያ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ አንዳንዱ ዘፈን ከበሮው እስኪገባ ድረስ በነጻ ዜማ ይከፈታል። ስለዚህ አሰልጣኙ እያንዳንዱን ዘፈን ለብቻው ማጥናት አለበት። ከውጭ የሚመጣ ሥልጠና ይህን አያስተምርም፤ እዚሁ ያሉ አሰልጣኞች በራሳቸው ጆሮ ያገኙት እውቀት ነው፣ ተጽፎ ቢቀመጥ ለተተኪዎች ትልቅ ሀብት ይሆናል።

እስክስታ ሌላ ትምህርት ይዞ ይመጣል። የሰውነት ትልልቆቹ ጡንቻዎች ያሉት ጭንና መቀመጫ ላይ ነው፤ ልብና ሳንባ በደንብ እንዲሠሩ ኦክስጅን መጠየቅ ያለባቸውም እነሱ ናቸው። ትከሻና ክንድ ለብቻቸው ሲሠሩ፣ በተለይ ክንድ ከራስ በላይ ሲወጣ፣ የልብ ምት ይጨምራል፤ ሰውነት የሚጠቀመው ኦክስጅን ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ስለዚህ ሰልጣኙ ደከመኝ ቢልም ያገኘው ጥቅም ከመሰለው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቅ አሰልጣኝ ትከሻውን ከእስክስታ ወስዶ እግሩን ከስኳት ወይም ከጉራጊኛ ያመጣል፤ ደስታውም ሥራውም አብረው ይሄዳሉ።

እስካሁን የጠቀስኩት ሁሉ ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ማየት ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ወጣት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከወለደች ጥቂት ወራት የሆናት እናት፣ የደም ግፊት ያለባቸው ጡረተኛ፣ ለሠርጓ የምትዘጋጅ ሙሽራና ለዕረፍት ከዋሽንግተን የመጣ ሰው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሁሉም የሚሰሙት ትእዛዝ አንድ ነው፤ ሰውነታቸው ግን አምስት ነው። ከዋሽንግተን የመጣውን ብቻ ብንወስድ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገባው ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው። ይህ ሰው በሚኖርበት ከተማ የሚበረታ ቢሆንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ይደነግጣል። አንድ ሰው ምክንያቱን ነግሮት በዝግታ ካስጀመረው በሳምንታት ውስጥ ይለምዳል፤ ካልነገረው ግን ሁለተኛ አይመጣም።

ጡረተኛውን ደግሞ እንይ። የልብ ምት ጣሪያን ለመገመት ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ የተለመደ ነው፤ ግምት እንጂ ልኬት አለመሆኑን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። በተለይ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል ቤታ ብሎከር የሚባሉት የልብ ምት ከፍ እንዳይል ይይዛሉ። እጅ ላይ የታሰረው ሰዓት «ገና ነው» ሲል ባለቤቱ አቅሙን ጨርሶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያለው አሰልጣኝ ከሰዓቱ ይልቅ ንግግሩን ያዳምጣል። «እንዴት ናችሁ?» ብሎ የሚጮኸው ለማሟሟቅ ብቻ አይደለም። ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚመልስ ሰው መካከለኛ ጉልበት ላይ ነው፤ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ የሚወጣው ከፍተኛው ላይ ደርሷል፤ ምንም መመለስ ያቃተው ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። ከሙዚቃው ጋር እየዘፈነ የሚሠራው ገና አልጀመረም። በአንድ ጥያቄ አርባ ሰው ይመረመራል።

ካዩ በኋላ ደግሞ ማረም አለ፤ እዚህ ላይ የእኛ ባህል የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ወጣት አሰልጣኝ አባቱን የሚያህሉ ሰው በሰው ፊት «ጋሼ፣ ጀርባዎ ጎብጧል» ቢል ሰውየው ያፍራሉ፤ በማግስቱም ላይመጡ ይችላሉ። ዝም ቢል ወገባቸው ይጎዳል። አዋቂው አሰልጣኝ መጀመሪያ ለሁሉም ይናገራል፦ «ደረታችሁን ክፈቱ፣ ጀርባ ቀጥ!» አሥር ሰው ይስተካከላል። ከዚያ እየሠራ ወደ ጋሼ ይጠጋል፣ አጠገባቸው ሆኖ ራሱ በትክክል ያሳያል፣ ሲስተካከሉ «እንደሱ ነው ጋሼ!» ይላል። ስህተቱ ሳይነገር ታረመ፤ ምስጋናው ብቻ በአደባባይ ተነገረ። ይህን ጥበብ ከማንኛውም የኮሪዮግራፊ ችሎታ አስበልጬ አየዋለሁ።

ይህ ሁሉ ልፋት ካለበት ሰው ለምን ይወደዋል? አንዱ መልስ ቡድን ራሱ በሰው ላይ የሚሠራው ነገር ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኦቶ ኮህለር በ1920ዎቹ በበርሊን የቀዛፊዎች ክበብ አባላትን ክብደት እያስነሣ ሲያጠና፣ ደካማው ሰው ለብቻው ከሚችለው በላይ ከሌላ ሰው ጋር ተጣምሮ ሲሠራ እንደሚጸና ተመለከተ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መጠነኛ ሲሆን ውጤቱ ይበረታል፤ ልዩነቱ ሲሰፋ ግን ደካማው ተስፋ ይቆርጣል። አዲስ ሰልጣኝን ከጎበዞቹ መሃል ከማቆም ይልቅ ትንሽ ከሚበልጠው ሰው አጠገብ ማቆም የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቀዛፊዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ያንኑ ያህል ልፋት ለብቻ ከለፉ በኋላና በአንድ ምት አብረው ከለፉ በኋላ ሕመም የመቻል አቅማቸውን አነጻጽሯል። አብረው በቀዘፉ ጊዜ አቅማቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ተመራማሪዎቹም ይህን ሰውነት ከሚያመነጨው ኢንዶርፊን ጋር አያይዘውታል። ምቱን የያዘ ክፍል ፊት ቆሞ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ አይገረምም። አርባ እግር በአንድ ጊዜ ወለሉን ሲመታ፣ ደክሞት የነበረው ሁሉ «አራት ቀረ!» ሲባል ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ ጉልበት ያወጣል።

ትልቁ ደስታ ግን ከዚህ ግለት ይልቅ በዝግታ የሚመጣው ነው። ወለል ላይ ተቀምጠው ለመነሣት የሰው እጅ ይፈልጉ የነበሩ እናት ከወራት በኋላ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ብቻቸውን ይነሣሉ። ክብደታቸው ምናልባት አንድ ኪሎም አልቀነሰ ይሆናል። ፎቶ ቢነሡ ለውጥ አይታይም። የሰሞነ ሕማማትን ስግደት ዘንድሮ ሳያቋርጡ መጨረሳቸውን ሊነግሩት ከፋሲካ በኋላ ሲመጡ ግን አሰልጣኙ የሠራው ምን እንደነበር በዓይኑ ያየዋል። የመጀመሪያውን ወር በሩ አጠገብ የቆመች፣ ሰው እንዳያያት በሰፊ ቲሸርት የተሸፈነች ልጅ በየሳምንቱ አንድ ረድፍ ወደፊት ስትጠጋ ማየትም ከዚሁ ይቆጠራል። ማንም አልነገራትም። አንድ ቀን ከፊት ረድፍ ትገኛለች፣ ከአጠገቧ ላለው አዲስ ሰው እርምጃውን ታሳየዋለች። ተማሪ ሌላውን ማስተማር ሲጀምር ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ነው።

ብስጭቱን ልናገር። ሰው ማሟሟቂያው ካለቀ በኋላ ይመጣል፣ ማብረጃው ሳይጀመር ሻወር ለመቅደም ይወጣል። ለብዙዎች እነዚህ ሁለት ክፍሎች ለጊዜ ማሟያ የተጨመሩ ይመስላቸዋል። የመጨረሻውን ለምሳሌ እንውሰድ። በከባድ እንቅስቃሴ ጊዜ የእግር ደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ደሙን ወደ ልብ ለመግፋት የሚያግዙት የሚኮማተሩት የእግር ጡንቻዎች ናቸው። ሰው ድንገት ሲቆም ያ ግፊት ይቋረጣል፣ ደም እግር ላይ ይጠራቀማል፣ ወደ አንጎል የሚደርሰው ይቀንሳል። ሙቅ ሻወር ደም ሥሮቹን የበለጠ ያሰፋቸዋል። ዓይኑ ጨልሞበት ሻወር ቤት የሚወድቅ ሰው ብዙ ጊዜ የዘለለው አምስት ደቂቃ ቀስ ብሎ መራመድን ብቻ ነው።

«ኮች፣ ቦርጭ ምን ያጠፋል?» የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል። ጠያቂው የሚጠብቀው የአንድ እንቅስቃሴ ስም ነው። ሆድን የሚያሠራ እንቅስቃሴ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል፤ ከላዩ ያለውን ስብ ለይቶ አያቃጥልም። ሰውነት ስብ የሚያወጣው ከመላው አካል ሲሆን ከየት እንደሚጀምር የሚወስኑት ዘር፣ ጾታና ዕድሜ ናቸው፤ አመጋገብ ካልተስተካከለ ደግሞ አንድ ሰዓት ዱብ ዱብ ያቃጠለውን አንድ ሳህን ይመልሰዋል። ላስቲክ ሆዱ ላይ ጠቅልሎ የሚመጣውም እንዲሁ ነው። ሚዛኑ ላይ የሚቀንሰው ውኃ ነው፣ ሲጠጣ ይመለሳል፤ ሰውነት ሙቀቱን ማስወጣት ሲያቅተው ግን ጉዳቱ እውነተኛ ነው። አሰልጣኙ ይህን አሥር ጊዜ ያስረዳል፣ በአሥራ አንደኛው ቀን ሰልጣኙ በስልኩ ያየውን «በሰባት ቀን ቦርጭ ማጥፊያ» ይዞ ይመጣል። ይህ የትዕግሥት ሥራ ነው፤ አንድን ነገር ለብዙ ሰው ደጋግሞ ማስረዳትም የማንኛውም መምህር ዕጣ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሦስተኛው ቀን ነው። አዲስ ሰው በታላቅ ወኔ ይመጣል፣ የመጀመሪያውን ቀን ከሚችለው በላይ ይሠራል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ሕመሙ በማግስቱ ይጀምራል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል። ያልለመደ ጡንቻ በተለይ እየረዘመ ሲሠራ፣ ስኳት ላይ ሲወርድ ወይም ከዝላይ ሲያርፍ፣ በጥቃቅኑ ይጎዳል፣ ይቆጣል፣ ከዚያ ይጠገናል። በሚቀጥለው ጊዜ ያው ሥራ በጣም ያነሰ ሕመም ያመጣል፤ ሰውነት ከአንድ ጊዜ ትምህርት ይጠነቀቃል። አዲሱ ሰው ግን ይህን አያውቅም። ደረጃ መውረድ ሲያቅተው «ስፖርት ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይቀራል። በቡድን ክፍል ውስጥ አሰልጣኙ ይህን ሰው ለይቶ በግማሽ ጉልበት ማስጀመር፣ ነገ ምን እንደሚሰማው አስቀድሞ መንገር ይኖርበታል። አርባ ሰው ባለበት፣ ሙዚቃው ተከፍቶ ሳለ፣ አምስት ሰው አዲስ በሆነበት ቀን ይህ ሁልጊዜ አይሆንም። የወር ክፍያ ተቀብሎ ሰውየው በመቅረቱ የማይጎዳ ጂም ችግሩን ላያየው ይችላል፤ ሰውየው ግን ከእንቅስቃሴ ለዓመታት ርቆ ሊቀር ይችላል።

የጾም ወራት ለብቻው መነሣት አለበት። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምሱ ሰልጣኞች አሉ፤ በረመዳን ከንጋት እስከ መግሪብ የማይጠጡ አሉ። ጾሙን እንዲተዉ መምከር የአሰልጣኝ ድርሻ አይደለም። ድርሻው ክፍሉን ማስተካከል ነው፦ ዝላዩን መቀነስ፣ ላብ የሚያበዛውን ማሳጠር፣ ማፍታታትና ሚዛን መጠበቂያ መጨመር፣ ሰዓቱን ከማፍጠሪያው ጋር ማቀራረብ። ይህን የሚያደርግ ጂም በጾም ወራት ሰልጣኞቹን አያጣም።

አሁን ወደ አሰልጣኙ ሰውነት እንመለስ፤ «እየተከፈለህ ትሠራለህ» የሚለው አባባል ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ይመክራል። በሳምንት ሦስት ቀን የሚመጣ ሰልጣኝ ይህን ያሟላል። በቀን ሦስት ክፍል በሳምንት ስድስት ቀን የሚያስተምር አሰልጣኝ ግን 1,080 ደቂቃ ይቆማል። የሰልጣኙ ጤና የሆነው ነገር ለእሱ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚበላ ጭነት ይሆናል። በዚያ ላይ ሰልጣኙ ሲያመው ቤቱ ያርፋል፤ አሰልጣኙ ካልገባ ብዙ ቦታ ላይ የዚያን ክፍል ክፍያ ያጣል። ስለዚህ ታሞም ይገባል፣ ፈገግ ብሎ ይዘላል።

ድምፅ ሁለተኛው ነው። ትንፋሽ ለጡንቻ ኦክስጅን ለማድረስ በሚፋጠንበት ሰዓት ያንኑ ትንፋሽ ለጩኸት መጠቀም ጉሮሮን ያስጨንቃል። ከስፒከሩ በላይ ለመሰማት የሚደረገው ጩኸት ለዓመታት ሲደጋገም ድምፅ አውታሮች ላይ እብጠት ሊያመጣ ይችላል። የብዙ ነባር አሰልጣኞች ድምፅ የሻከረው በዚህ ምክንያት ነው። ጆሮም አለ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተመራማሪዎች ያወጡት ልክ 85 ዴሲቤልን ለስምንት ሰዓት፣ 94ን ለአንድ ሰዓት፣ 100ን ለ15 ደቂቃ ብቻ ይፈቅዳል። ስፒከሩ እስከ ጥግ የተከፈተበት ክፍል ውስጥ ሰልጣኙ አንድ ሰዓት ቆይቶ ይወጣል፤ አሰልጣኙ ለሚቀጥለው ክፍል እዚያው ይቆያል። ማይክ ቢገዛ ጩኸቱ ይቀራል፣ ሙዚቃው ቢቀነስ ማይኩም ዝቅ ይላል። ከአንድ የመሮጫ ማሽን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ይህ ወጪ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከጂም ውጭም ሙያው እየሰፋ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል መኪና የተዘጋባቸው የእሑድ ጠዋቶች ሲጀመሩ ማስ ስፖርት አደባባይ ወጣ። መድረክ ላይ የቆመ አንድ አሰልጣኝ መስቀል አደባባይን የሞላ ሕዝብ ይመራል። ለከተማ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የጂም ክፍያ የማይችለው፣ አዛውንቱና ሕፃኑ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ነገር ግን በዚያ ርቀት ማየትና ማረም አይቻልም፤ ወለሉም አስፋልት ነው። ስለዚህ መድረክ ላይ የሚሠራው ከጂሙ የቀለለ፣ ዝላዩ የቀነሰ፣ ማንም ያለ እርማት ቢሠራው የማይጎዳ መሆን አለበት። መድረኩ ሰፊ ነው ብሎ ከባዱን ማሳየት የአሰልጣኙን ብቃት ያሳይ ይሆናል፤ ሕዝቡን ግን አያገለግልም። እዚህም የሚለየው ጥያቄ ያው ነው፦ ለራሱ እየሠራ ነው ወይስ እያስተማረ?

ለጂም ባለቤቶች የምለው አለኝ። የዝግጅት ሰዓት ሥራ መሆኑን ተቀብላችሁ ክፈሉበት። ማይክ ግዙ። አንድ አሰልጣኝ በተከታታይ ከሁለት ክፍል በላይ እንዳይይዝ አድርጉ፤ ከያዘም ሁልጊዜ አብሮ እንዲዘል አትጠብቁ፣ በሰልጣኞቹ መሃል እየተዘዋወረ ሲያርም ሥራውን እየሠራ ነው። አዲስ የሚመዘገበውን ሰው ከመጀመሪያው ክፍል በፊት አሥር ደቂቃ የሚያነጋግርበት ጊዜ ስጡት።

ሰልጣኞችም ማሟሟቂያው ሳይጀመር ድረሱ፣ ማብረጃው ሳያልቅ አትውጡ። የምትወስዱት መድኃኒት፣ የቆየ የወገብ ወይም የጉልበት ሕመም፣ እርግዝና ወይም ጾም ካለ ነገ ጠዋት ሙዚቃው ከመከፈቱ በፊት ለአሰልጣኛችሁ ንገሩ፤ ያልተነገረውን ከመስታወቱ ፊት ሆኖ ማየት አይችልም።